የጭሮ ቁልቁለት በግማሽ ሥልጠና አይወረድም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽን የተሻገረ መኪና አሰቦትንና ሚኤሶን እስኪያልፍ ድረስ በሜዳው ይከንፋል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። የጨርጨር ተራሮች ይጀምራሉ። እስከ ጭሮ ዳገት ነው፤ ከጭሮ ወደ ሂርና፣ ከሂርናም በካራሚሌና በጨለንቆ በኩል እስከ ቁልቢ ድረስ እየወጣ፣ እየወረደ፣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ከጭሮ ተገንጥሎ ወደ በዴሳ፣ ገለምሶና መቻራ የሚወስደውም ቢሆን ለሾፌር የዋህ መንገድ አይደለም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው ክፉዎቹን ኩርባዎች ዓይኑን ጨፍኖ ይቆጥራቸዋል፤ የትኛው ላይ ማን እንደወደቀም ያውቃል።

በዚህ መንገድ ቀን ከሌት የሚመላለሱት ሾፌሮች የት ተማሩ? ስንት ሰዓት ተማሩ? ሲማሩስ በምን ላይ ተቀምጠው ነበር? ይህ ጥሪ የሚነሳው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው። የሚመለከተውም አሠልጣኙን፣ ፈታኙን፣ ባለንብረቱን፣ ነጋዴውን፣ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጣ ልጁ ገንዘብ የሚከፍለውን ወላጅና መናኸሪያ ውስጥ ትኬት የሚቆርጠውን መንገደኛ ሁሉ ነው።

በሜዳ ላይ መንዳት የሚችል ሰው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ የማያውቀው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። አምስት ቶን የጫነ አይሱዙ ረጅም ቁልቁለት እየወረደ ሾፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ከያዘው፣ ሸራውና ከበሮው ይግላሉ፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። ሾፌሩ ይረግጣል፣ መኪናው አይሰማም። «ፍሬን እምቢ አለኝ» የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ እምቢ ያለው ሾፌሩ አስቀድሞ ሥራውን ሁሉ እሱ ላይ ስለጣለበት ነው። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዘው ማድረግ፣ ፍሬኑን እየነኩ መልቀቅ፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ መውረድ። ይህን መናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እግርና እጅ እስኪለምዱት ድረስ ግን ሰዓታት ይፈልጋል፤ ያውም በተጫነ መኪና፣ በእውነተኛ ቁልቁለት ላይ፣ አጠገቡ በተቀመጠ የበቃ አሠልጣኝ።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ልምምድ ነዳጅ ይፈጃል። ጎማ ይበላል። አሠልጣኙን ግማሽ ቀን ይይዘዋል። ማሠልጠኛ ተቋማት በዋጋ ሲሻሙ፣ አንዱ ከሌላው ባነሰ ክፍያ ሰልጣኝ ሊስብ ሲሞክር፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ይህ ሰዓት ነው። ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አይቀነሱም፤ ቁጥጥር ሲመጣ ይታያሉና። የመንገድ ላይ ልምምድ ግን በወረቀት ላይ ተፈርሞበት ሊያልፍ ይችላል። አንድ መኪና ውስጥ ብዙ ሰልጣኝ ይሳፈርና እያንዳንዱ ጥቂት ደቂቃ መሪ ይዞ ይወርዳል፤ የቀረውን ጊዜ ሌላው ሲነዳ በመስኮት ያያል። መኪናው ባዶ ነው። ሜዳው የተደለደለ ነው። ፀሐይ ናት። ጭጋግ፣ ዝናብ፣ ሌሊት፣ ጭነት፣ ከፊት የሚመጣ አውቶቡስ፣ አስፋልት የሚያቋርጥ የግመል መንጋ የለም። ከዚያ ሰልጣኙ በፈተናው ቀን በሸንበቆ መካከል ወደ ኋላ አስገብቶ አቁሞ ያልፋል፤ መንጃ ፈቃድ ይይዛል፤ ከሳምንት በኋላ በሌሊት ከገለምሶ ጭኖ ይወርዳል።

ሁሉም ማሠልጠኛ እንዲህ ነው አልልም፤ አይደለምም። ሥራቸውን አክብረው የሚሠሩ አሠልጣኞች አሉ፤ ዋጋ አወረዱብን ብለው የሚያዝኑትም እነሱ ናቸው፤ ጥራቱን የጠበቀው ሰልጣኝ ሲያጣ ጥራቱን የሸራረፈው ደጃፉ ይሞላልና። ይህ አንድን ተቋም በመውቀስ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ 600/2000 ነበር፤ በ1074/2010 ተተክቷል። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ 208/2003 ወጥቶ ነበር፤ እሱም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል። ፈቃዱ በምድብ በምድብ ተከፍሏል፤ ሕዝብ የሚጭን ለብቻ፣ ደረቅ ጭነት የሚጭን ለብቻ፣ ፈሳሽ የሚጭን ለብቻ። ሕጉ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው፦ ነዳጅ ቦቴ የሚነዳና ባጃጅ የሚነዳ ሰው እኩል ሥልጠና አይበቃቸውም። ሕጉ የማይችለው የጭሮን ቁልቁለት አዲስ አበባ ተቀምጦ መለካት ነው። ያ የእኛ ድርሻ ነው።

እዚያው ሚኤሶ ሜዳ ላይ ግን ሌላ ዓይነት ትምህርት ሲሰጥ አይተናል። አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድ በሚኤሶ ያልፋል፤ ሁለቱ የቻይና ኩባንያዎች የሠሯቸው ክፍሎች የሚገናኙትም እዚያ ነው። ባቡሩ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር የሚነዱትና የሚያስተዳድሩት ቻይናውያን ነበሩ፤ ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ባለሙያዎች አጠገባቸው እየተቀመጡ ሲማሩ ቆይተው፣ አስተዳደሩ ሙሉ በሙሉ ወደ ሁለቱ አገሮች የተሻገረው በ2016 ዓ.ም. ነው። ስድስት ዓመት! በሐዲድ ላይ፣ መሪ መጠምዘዝ በሌለበት፣ ከፊት የሚመጣ መኪና በማይገጥምበት መስመር። ከዚያው ሜዳ ላይ ተነስቶ ወደ ጭሮ ዳገት ለሚወጣው የጭነት መኪና ሾፌር ግን ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል ብለናል። ባቡር ብዙ ሰው ይጭናልና ጥንቃቄው ተገቢ ነው የሚል ይኖራል። መቶ ሰው በአንድ ባቡር ቢሞትና መቶ ሰው በሠላሳ መኪና ቢሞት፣ ለለቅሶው ልዩነት የለውም።

ከጎረቤት አገር ባሕርም አንድ ነገር መማር ይቻላል። ጅቡቲ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ፈረንጆች የአየር ጋን በጀርባቸው አዝለው ትልልቅ ዓሣዎችን ለማየት ይጠልቃሉ። ለዚህ መዝናኛ ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። በዓለም ላይ በዚህ ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ፣ በ1966 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ፓዲ፣ ለጀማሪው ያወጣው መለኪያ ግልጽ ነው፦ 200 ሜትር ይዋኛል፣ 10 ደቂቃ ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፣ በክፍት ባሕር አንድ አሠልጣኝ ብቻውን ከስምንት ተማሪ በላይ ይዞ አይገባም፣ ተመራቂውም ከ18 ሜትር በላይ እንዳይጠልቅ ይመከራል። ቁጥሮቹ ለእኛ አይጠቅሙም። የሚጠቅመን እዚያም የተከሰተው ነገር ነው፦ ጠለቃን የሚያስተምሩ ሱቆች በዋጋ መሻማት ሲጀምሩ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ትምህርት ወደ ጥቂት ቀናት መጨመቁን፣ መለኪያው በወረቀት ላይ እንዳለ ልምምዱ መሳሳቱን የሚናገሩት ራሳቸው አሠልጣኞቹ ናቸው። ሀብታምም ሆነ ድሃ አገር፣ ባሕርም ሆነ ተራራ፣ ሥልጠና ሲረክስ የሚቀነሰው ያው አንድ ነገር ነው፤ የማይታየው ሰዓት። ልዩነቱ ጠላቂው በአብዛኛው አደጋ ላይ የሚጥለው ራሱንና ጓዱን መሆኑ ነው፤ የእኛ ሾፌር ግን ኋላው ላይ የጫናቸውን፣ ከፊቱ የሚመጡትንና ከትምህርት ቤት እየተመለሱ በመንገድ ዳር የሚሄዱትን ልጆች ይዞ ነው የሚወድቀው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ አገራችን በአንድ ዓመት በመንገድ አደጋ ሞቱ ብላ የመዘገበችው ሰው ከ4 ሺህ 300 በላይ ነው፤ ድርጅቱ ግን የገመተው ከ27 ሺህ በላይ ነው። ሆስፒታል ደርሶ ከሳምንት በኋላ የሞተው፣ ገጠር ውስጥ ተገጭቶ ሳይመዘገብ የተቀበረው በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ናቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና አካባቢ የሠርግ እድምተኞችን የጫነ አይሱዙ ድልድይ ስቶ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ከ60 በላይ ሰው አልቋል። ያ መኪና ለሰው የተሠራ አልነበረም። የእኛስ የሠርግ፣ የለቅሶና የገበያ ቀን አይሱዙዎች? ሕዝባችን አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ ሲሰይም ቀልድ አልነበረም፤ አቤቱታ ነበር። ስሙን ወደድነው፣ ሳቅንበት፣ አቤቱታው ግን ሰሚ አላገኘም።

እስኪ ስለ ነዳጅ እናውራ፤ ብዙው ነገር ከዚያ ነው የሚጀምረው። መንግሥት ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር የባለንብረቱ ሒሳብ ተናጋ። ያን ጊዜ፣ ቀድሞም የነበረ አንድ መጥፎ ልማድ ጎላ፦ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ፣ ሾፌሮች «ፎሌ» በሚሉት ሁኔታ መንሸራተት። ጥቂት ሊትር ይቆጥባል ይባላል። የሚታጣው ግን መኪናውን ይዞት የነበረው ሞተር ነው፤ ክብደቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ባለንብረቱ ለሾፌሩ «ፎሌ ውረድ» ብሎ አያዘውም። የነዳጅ መጠን ለክቶ ይሰጠውና ከዚያ በላይ ከበላ ከደመወዙ ይቆርጥበታል፤ ሾፌሩ የቀረውን ራሱ ይረዳዋል። የፍሬን ሸራ የመቀየሪያ ጊዜው ሲያልፍ «አንድ ምልልስ ያንሳና» የሚለው፣ ለዓመታዊ ምርመራ ቦሎ ሲወጣ ብቻ ደህና ጎማ ተውሶ የሚገጥመው፣ ሁለት ሾፌር ይዞ መሄድ ያለበትን ሌሊት አንድ ሾፌር ብቻ የሚልከው፣ ሁሉም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ነው። የተቆጠበው ገንዘብ የት እንደሚገባ ይታወቃል። ዕዳው ደግሞ ሐረር፣ ሕይወት ፋና ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ለከፋዩ ሳይነገር ይከፈላል።

በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ውስጥ 22 ሜትር ይበራል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪነካ የሚያልፈው ጊዜ ያ ያህል ነው፤ እንቅልፍ ከያዘው ደግሞ ይበልጣል። በዚያ ላይ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት በአራት እጥፍ ያድጋል። ይህን ባጃጅ የሚነዳው ልጅም ማወቅ አለበት። ጭሮ ውስጥ ባጃጅ በየመንደሩ ገብቷል፤ ለብዙ ወጣት እንጀራ ነው፤ ደስ ይለናል። ነገር ግን ከጓደኛው ጋር አንድ ምሽት ተለማምዶ ሕዝብ የሚጭን፣ ከመንደር ወጥቶ ከአውቶቡስ ጋር በዋናው አስፋልት የሚሽቀዳደም ልጅ እንጀራውን እየበላ ነው ወይስ ዕድሜውን? ይህን ልጅ ማን ያስተምረዋል? ማኅበሩ ነው፤ ባጃጁን ያስረከበው አከራይ ነው፤ ወላጁም ነው።

ጫት የሚጭነውን ሾፌርም መስደብ ቀላል ነው፤ ቀላል ስለሆነ ግን እውነቱን ይሸፍናል። ጫት ይጠወልጋል። ጠዋት የተቆረጠው ለገበያ በሰዓቱ ካልደረሰ ዋጋው ይወድቃል፤ ነጋዴው ይከስራል። ስለዚህ ለሾፌሩ የሚከፈለው ለመንዳት ብቻ ሳይሆን ለመክነፍም ነው። ቀድሞ የደረሰ ይሞገሳል፤ ዘግይቶ የደረሰ ሥራ ያጣል። ታዲያ ፍጥነቱን ያዘዘው ማነው? የጭነት ሰዓቱን ያዘገየው ሰው ነው። ማለዳ መነሳት ያለበት መኪና በዋጋ ክርክር ለሁለት ሰዓት ቆሞ ሲወጣ፣ እነዚያን ሁለት ሰዓታት ሾፌሩ ከመንገዱ ላይ እንዲመልሳቸው ይጠበቃል። ነጋዴዎች ይህን ብታስቡበት፣ የመነሻ ሰዓትን ቁርጥ አድርጋችሁ ብትይዙት፣ የብዙ ትራፊክ ፖሊስ ሥራ ትሠራላችሁ።

ድሮ ሾፌር የሚወጣው ከረዳትነት ነበር። ልጁ ጎማ እየፈታ፣ ድንጋይ እየወሸቀ፣ ኋላ ላይ ቆሞ «ና! ና! ያዝ!» እያለ ዓመታት ይቆይና አንድ ሌሊት ዋናው ሾፌር ሲደክመው ሜዳ ላይ መሪውን ይሰጠው ነበር። ይህን ዘመን ማስዋብ አልፈልግም፤ ረዳቱ ይመታ፣ ይራብ፣ ከዋናው ሾፌር መጥፎ ልማዱንም ይወርስ ነበር። ያም ሆኖ መሪ ከመያዙ በፊት ያንን ቁልቁለት ብዙ ጊዜ ወርዶታል፤ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ የትኛው ማርሽ እንደሚያስፈልግ ያውቃል። ዛሬ የረዳትነቱን ዓመታት ትተን ትምህርት ቤት ከፈትን፤ ይገባልም። ነገር ግን ዓመታቱን ወስደን በምትካቸው ሰዓታት አልሰጠንም።

መንገደኛውም ድርሻ አለው። ሾፌሩ ሲከንፍ ሁሉም ይፈራል፤ ማንም አይናገርም። አንድ ሰው ደፍሮ «ቀስ በል ወንድሜ» ቢል «ካልፈለግክ ውረድ» ይባላል፤ ሌላው መንገደኛ ይስቃል ወይም «ተወው፣ ቶሎ እንድረስበት» ይላል። አባዱላ ሚኒባስ ውስጥ በትርፍ የተጫነው ሰው ራሱ «አንድ ሰው ይጨመር፣ ይጠጋጉ» ሲል እንሰማለን። አንድ ሰው ሲናገር ዝም ካላላችሁ፣ ከኋላ ያላችሁት «እውነቱን ነው» ካላችሁ፣ ሾፌሩ ይሰማል። አንድን ሰው ማስወረድ ይቻላል፤ አሥራ ሁለት ሰው አይወርድም።

የቁልቢ ገብርኤልን በዓል ጉዞ ለብቻው ላንሳው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ከመላ አገሪቱ ስለት ያለበት ሁሉ በዚህ መንገድ ያልፋል። ከአዲስ አበባ የተከራየ መኪና፣ የጨርጨርን ተራራ አይቶ የማያውቅ ሾፌር፣ ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ፣ በመዝሙርና በጭብጨባ የታጀበ። በተለይ የሐምሌው ዝናብና ጭጋግ ያለበት ነው። ስለት ለማድረስ የሄደ ሰው አስከሬኑ ሲመለስ ያዩ ቤተሰቦች አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ የጉዞ ማኅበራት መኪና ስትከራዩ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ፤ «ሾፌሩ ከአዋሽ ወዲያ ነድቶ ያውቃል? ተተኪ አለው?» በሉ። ጭሮ ላይ ሾፌሩን አሳርፉት፤ ማረፊያና ሻይ ቤት አለ፤ ከተማውም ይጠቀማል።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማሠልጠኛ ያላችሁ፣ በከተማው ያላችሁ ሁሉ ተሰብስባችሁ በአንድ ነገር ብቻ ተስማሙ፦ የሕዝብና የጭነት ሰልጣኝ፣ እያንዳንዱ በእጁ እየነዳ፣ በተጫነ መኪና አንድ የተወሰነ ቁልቁለት ሳይወርድ እንዳይመረቅ። ሁላችሁም ካደረጋችሁት ማንም በዋጋ አይቀድማችሁም፤ ብቻውን የጀመረው ግን ይከስራልና ለዚህ ነው አንድ ላይ የምላችሁ። ፈታኞች፣ ፈተናውን ከሸንበቆው ሜዳ አውጡት፤ ዳገት ላይ አቁሞ ወደ ኋላ ሳይንሸራተት መነሳት የማይችል ሰው በጭሮ ምን ይሠራል? ወጪው ይጨምራል፤ አልዋሽም። ለዚህ ደግሞ የትራንስፖርት ማኅበራትና ባለንብረቶች ነዳጁን ቢካፈሉ፣ ያረጀ ግን ደህና ፍሬን ያለው አንድ የጭነት መኪና ለልምምድ በጋራ ቢሰጡ፣ ከአንድ የተገለበጠ መኪና ዋጋ አይበልጥም።

ወላጆች፣ ልጃችሁ «በሁለት ሳምንት የሚያልቅ ቦታ አገኘሁ» ሲላችሁ ደስ አይበላችሁ። የሽማግሌዎች ቃል በዚህ ምድር ክብደት አለው፤ በኦዳ ቡልቱም ጥላ ሥር ሕግ የተደነገገበት አገር ነው። ዕድሮችና አፎሻዎች ለቀብርና ለሐዘን ገንዘብ ታዋጣላችሁ፤ ከዚያ ገንዘብ ስንቱ ለመንገድ አደጋ እንደወጣ መዝገባችሁን ገልጣችሁ ቁጠሩና ለባለንብረቶች አንብቡላቸው። የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሆናችሁ አደጋ የበዛባቸውን ኩርባዎች ለይታችሁ ካርታ ላይ አስቀምጡልን፤ በጓሯችሁ ያለ ጥናት ነው። ኢማሞችና ቀሳውስት፣ ዓርብና እሑድ አንድ ደቂቃ ስጡን።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት አሰበ ተፈሪን፣ የዛሬዋን ጭሮ፣ ሲቆረቁሩ ለሌላው አገር አርአያ የምትሆን ከተማ ትሁን ብለው ነበር። በመንገድ ጉዳይ ያን ስም ለማስመለስ ከአዲስ አበባ የሚመጣ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም።

የሚቀጥለው የቁልቢ ጉዞ ከመድረሱ በፊት የማሠልጠኛ ባለቤቶች፣ የማኅበራት ሊቀመንበሮች፣ የከተማው ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤትና የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። የልምምዱን ቁልቁለት ምረጡ፣ መኪናውን መድቡ፣ የመጀመሪያውን ሰልጣኝ አውርዱ። ሕዝቡም ስብሰባው መቼ እንደሆነ እየጠየቀ አላስቀምጥ ይበላችሁ።